ልክ እንደማንኛውም ሃምሳ

«እስክታንጸባርቅ ፈትጊልኝ» አለ ሊዮን፣ በሶፍት የጠቀለላትን ሳንቲም መዳፏ ላይ እያስቀመጠ። «እናትሽ የሙሽሮችን የብር ጌጥ እንደምታጸዳው አድርገሽ። ቅዳሜ ለአባቴ የልደት ስጦታ ልሰጠው ነው።»

ካውሰር ሶፍቱን ገለጥ አድርጋ አየች። ሰባት ማዕዘን ያላት፣ ጠቆር ያለች የእንግሊዝ ሃምሳ ፔንስ ናት። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ፣ የቻይና ቤተ መቅደስ የሚመስል ረጅም ግንብ ተቀርጾባታል፤ ግንቡ ላይ ሐረግ ተጠምጥሟል። ከሦስት ሳምንት በፊት ይቺ ሳንቲም የእሷ ነበረች።

«የአባትህ ልደት?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም። ነገ አመጣልሃለሁ።»

ውሸታም! የአባቱ ልደት የተከበረው ከረመዳን በፊት ነው። እሷ ራሷ ተጋብዛ ሁለት ቁራሽ ኬክ በልታለች።

ሊዮን ከአዲስ አበባ ወደ ሐርጌሳ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አባቱ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ካውሰር ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ብትሆንም እስከ አሥር ዓመቷ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጆቹ በሶማሊኛዋ ሲስቁባት የምትሸሸው ወደ ሊዮን ነበር። እሱ ደግሞ ሶማሊኛ አልገባ ብሎት፣ አንድ ሰው ባናገረው ቁጥር ዞር ብሎ እሷን ያያል፤ እሷም ትተረጉምለታለች። ለዚህ ውለታዋ የከፈላት እንዲህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአክስቷ ከዴቆ ነው። ዴቆ የምትኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ነው። በየዓመቱ ስትመጣ ቦርሳዋ ውስጥ የተረፈውን ሳንቲም ለካውሰር ትዘረግፍላታለች። የሐርጌሳ መንዛሪዎች የሽልንግ ክምራቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ዶላርም ፓውንድም ይመነዝራሉ፤ ግን ወረቀቱን ነው እንጂ ሳንቲም አይነኩም። ስለዚህ እንግሊዝ አገር ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ጣሳ የማይመነዘር ሳንቲም አያጣም። የእነካውሰር በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ ጣሳ አንድ እፍኝ ዘግና በእርሳስ መያዣዋ ትምህርት ቤት አመጣች። ሊዮን ሳንቲም ይሰበስባል፤ የሚመዘግብበት ደብተር እንኳን አለው። ማስቲካውን እያላመጠ ሲያገላብጥ ግንብ ያለባትን አነሳ። ገልብጦ የእንግሊዝ ንግሥት መልክ ያለበትን ፊት ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አየ። ማስቲካውን ማላመጥ አቆመ።

«ይቺ ልክ እንደማንኛውም ሃምሳ ናት» አላት። «ግንቡ ደስ ስላለኝ ነው እንጂ… አንድ ዶላር ልስጥሽ?»

ማንም ለማይመነዝራት ሳንቲም አንድ ዶላር! ካውሰር ሁለት ጊዜ አመሰገነችው። በዶላሩ ሳምቡሳ ገዛች፤ ግማሹን ለእሱ ሰጠችው፤ እሱም በላ።

እውነቱን የነገራት ከእናቱ ከዴቆ ጋር የመጣው ጉሌድ ነው። ከትናንት ወዲያ ጣሳውን እያመሰ ሲስቅ፣ ግንብ ስላለባት ሳንቲም እንደዋዛ አነሳችበት። ሳቁን አቆመ።

«ንግሥቲቱ ጎን 2019 ይላል?»

«ንግሥቲቱ ጎን ቁጥር የለም።»

«ወላሂ?» አለ ጉሌድ። «እሷ እኮ በ2009 ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብቻ ነው የተሠራችው። እንግሊዝ አገር ለሦስት መቶ ሰው አንድ እንኳ አትደርስም። ሰዉ ሱቅ ውስጥ መልስ በተቀበለ ቁጥር እሷን ነው የሚፈልገው። አርጅታም ከመቶ ፓውንድ በላይ ታወጣለች። በ2019 ለሰብሳቢዎች ብለው የምትመስላት ስለሠሩ፣ የገባው ሰው መጀመሪያ ገልብጦ ንግሥቲቱን ያያል። የት አለች?»

«ሰጠኋት» አለች ካውሰር።

«የወሰዳት ሰው እንዳይፈትጋት ብቻ። ጓደኛዬ አንዷን በጥርስ ሳሙና አሽቶ ገደላት። የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ አይገዛም።»

ካውሰር የሊዮን መንጋጋ ቀጥ ያለባትን ያቺን ቅጽበት አስታወሰች። አውቆ ነው! ተበልታለች፤ ያውም አመስግና። ያውም ሳምቡሳ ጋብዛ። መቶ ፓውንዱ አልነበረም ያንገበገባት። ሁለት ጊዜ «አመሰግናለሁ» ማለቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈገግ ብላ ሰላም እያለችው በልቧ በቀል ስታማርጥ ሰነበተች። ለአባቱ መንገር አነሰባት፤ የሳንቲም ደብተሩን ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ውስጥ መወርወርም አነሰባት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እና ዛሬ እሱ ራሱ በእግሩ መጣ።

እንዴት እንደተሳሳተ ገብቷታል። እናቷ ሳህራ ወርቅ ተራ ጠረጴዛ ዘርግታ የብር ጌጥ ትሸጣለች፤ የቆየውንም ታድሳለች። ሊዮን አንድ ቀን እዚያ ቆሞ፣ ጥቁር የነበረ አምባር በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ ነጭ ሲሆን፣ ዋጋውም አብሮት ሲወጣ በዓይኑ አይቷል። እናቷ ጠረጴዛ ላይ ያልተወለወለ ነገር አይሸጥም። ሳንቲምም እንደዚያ መሰለው።

መዋሸት እንኳን አያስፈልጋትም። ያዘዛትን በደንብ መሥራት ነው። ዝም አይነቅዝም።

ከትምህርት በኋላ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሎሚውን ቆረጠች። ቤኪንግ ሶዳውን ለወሰች፤ አሮጌውን የጥርስ ብሩሽ አነሳች።

«ይቺ ዴቆ የሰጠችሽ አይደለችም?» አለች እናቷ፣ ከያዘችው የአንገት ሐብል ቀና ሳትል።

«አሁን የሊዮን ናት፣ ሆዮ» አለች፣ እናቷን በሶማሊኛ ጠርታ።

«ታዲያ ምን ያስቆጣሻል? ብሩሹን የያዝሽው እንደ ዱላ ነው።»

ካውሰር ሳንቲሟን ጠጋ አድርጋ አየች። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ በሐረጉ ቅጠሎች መካከል ስለገባ ነው እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው የሚታየው። ይቺ ሳንቲም ከስንትና ስንት ኪስ ተርፋ ሐርጌሳ ድረስ መጥታለች። አሁን ብትፈትጋት ሊዮን መቶ ፓውንድ ያጣል፤ እሰይ፣ ይጣ! ግን የምትበላሸው ማን ናት? የራሷ የካውሰር ሳንቲም። እሱን ላሳውር ብላ የገዛ ዓይኗን መውጋት ሆነባት።

ብሩሹን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ከእርሳስ መያዣዋ ውስጥ ሌላ ሃምሳ ፔንስ መረጠች፣ ጋሻ የተቀረጸባትንና በየቀኑ ከሰው ኪስ የማትጠፋውን ዓይነት። እሷን እጇ እስኪዝል ፈተገቻት።

«አሁን ደህና ያዝሽው» አለች እናቷ።

በማግስቱ ከትምህርት ሲወጡ ሊዮን በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር። ሶፍቱን በጥድፊያ ፈታው። ሳንቲሟ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀች።

«ይቺ አይደለችም» አለ።

«ሃምሳ ናት።»

«የኔዋ ግንብ ያለባት ናት፣ ካውሰር። ሙድ አትያዢብኝ።»

«ልክ እንደማንኛውም ሃምሳ ናት አላልከኝም? ይኸው፣ ማንኛዋም ሃምሳ።» ከላይዋ እናቷ ለሥራዋ የሰጠቻትን አንድ ዶላር አስቀመጠችለት። «ዶላርህም ይኸው። የበላኸውን ሳምቡሳ ምሬሃለሁ።»

«ሸጠሽልኝ እኮ ነው።»

«አንተ የገዛኸው ተራ ሃምሳ ነው። ንግሥቲቱን ስታይ ማስቲካህን ማላመጥ ረስተህ ነበር።»

የሊዮን ጆሮ ቀላ። «ልነግርሽ አስቤ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መቼ?»

ሊዮን ዓይኑን ወደ ሳንቲሟ መለሰ። «ለአባትህ መልካም ልደት በልልኝ» አለችው። «ዘንድሮ ሁለቴ ተወለዱ።»

ጥላው ሄዳ፣ በየቀኑ ወደ ሰፈራቸው ወደ ኮድቡር የሚያደርሳቸው፣ «አደር»፣ ማለትም አጎቴ፣ እያሉ የሚጠሯቸው የባሬ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ቦርሳዋን አጠገቧ፣ ሊዮን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆለለችው። በቀሉ ካሰበችውም በላይ ጣፈጣት። ግንብ ያለባት ሳንቲም እርሳስ መያዣው ውስጥ ናት፣ አንድ ቅጠሏ ሳይጎድል።

ሊዮን ከቆመበት ቦታ አልተነቃነቀም። በሩ አጠገብ ኳስ የሚጠልዙ ልጆች የምታብረቀርቀውን ሳንቲም አይተው በሶማሊኛ የሆነ ነገር አሉት፤ ሳቁም። እሱ ምን እንዳሉት አልገባውም። እንደለመደው ዞር ብሎ እሷን አየ፤ ከዚያ የሆነውን ሲያስታውስ አንገቱን ደፋ።

«ልጁ አይመጣም?» አሉ ሽማግሌው ባሬ ሞተሩን እያስነሱ። «ልሂድ?»

ካውሰር ይቅር አላለችውም። ገና የምትለው ብዙ ነገር አላት፤ ያ ሁሉ ደግሞ የሚመጣላት በአማርኛ ነው። በአማርኛ ለማን ትለዋለች?

«አደር ባሬ፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለች፤ ቦርሳዋንም አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።