ብጣሽ ያልተገኘበት መጽሐፍ

መምህር ጌትነት የሞቱት ጋቢያቸውን እስከ ትከሻቸው ለብሰው፣ መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ ይዛ የገባችው ማሬ ተኝተው መስሏት ሁለቴ ጠራቻቸው። ሦስተኛ አልጠራችም፤ ሣህኑን መሬት አስቀምጣ ጎረቤት ለመጥራት ወጣች።

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ቁስቋም ሰፈር ስትደርስ ሰፈርተኛው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የከሰል ማንደጃ አለ፤ መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ከሰሉን ያስገባችው ደግሞ እዚያው ግቢ ተከራይታ የምትኖረውና ለመምህሩ የምታበስለው ማሬ ናት። ሌላ ምን ቀረ? ሐኪሙም የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው አለ። የጣቢያው አዛዥ ማሬን አስያዛት፤ ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች ተባለ።

የትነበርሽ ግን ቸኩሎ መፍረድ አይሆንላትም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ከሟቹ ይልቅ ክፍሉን ማየት ለምዳለች። የመምህሩ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ አለው። የቀረው ሁሉ መጽሐፍ ነው። ኩባያውን ትንሽ አየችው። እሷም ቤት ያለው አንድ ነው፤ ሌላው ሲሰበር የሚጠጣበት ሰው ስለሌለ አልተካችውም።

ማንደጃው ጠረጴዛው ስር፣ ከመጻሕፍት ክምር ጀርባ ነው። ከሰሉ አመድ ለብሷል። በሩ ላይ ቆማ ስታይ አልታያትም፤ አልጋው ላይ ቁጭ ስትልም አልታያትም። ከዚያ ጋቢውን አስተዋለች፤ ጫፉ ከመምህሩ ጀርባና ከወንበሩ መደገፊያ መካከል በደንብ ተወትፏል። መነጽራቸው ታጥፎ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወደ ጣቢያ ሄዳ ማሬን አስጠራቻት።

«ከሰሉን እንዴት ነው ያቀጣጠልሽው?»

«ውጭ ነዋ። ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ አመድ አልብሼ አስገባሁት። መስኮቱን ገርበብ አርጌ ድንጋይ አስደገፍሁት። አያ ጌትነት ራሳቸው መስኮት አያዘጉም።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዓርብ አስር ሰዓት ሲሆን። ሲጽፉ ነበር፤ ዛሬ እጨርሰዋለሁ አሉኝ። ከዚያ ገበያ ወረድሁ። ስመለስ መብራት የለም፤ ተኝተዋል ብዬ አለፍሁ። ምነው ባንኳኳሁ።»

«ጋቢውስ?»

«አልጋው ላይ ነበር። ያጠፍሁት እኔ ነኝ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ማን አስተምሮኝ። እሳቸው ግን አመሻሽ ላይ ያነቡልኝ ነበር፤ ሸጋ ሸጋውን እየመረጡ።»

የትነበርሽ ወደ መጽሐፉ ተመለሰች። ስለ አንድ ፖስተኛ የሚተርክ፣ ከፒያሳ መጽሐፍ አከራይ የመጣ ልብ ወለድ ነው። የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ጠፍተዋል። እነሱ በነበሩበት ቦታ መምህሩ በእጃቸው የጻፏቸው አሥራ አንድ የወረቀት ቅጠሎች ገብተዋል፤ ቀለሙ አዲስ ነው። መጨረሻ የሌለውን መጽሐፍ ራሳቸው ጨርሰውታል ማለት ነው። ቅጠሎቹን አንብባ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው።

የመጽሐፉ ባለቤት አንዱዓለም ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ስታገኘው ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እሳቸው ቤት እንገናኛለን፤ እኔ፣ ፊልጶስና እስከዳር» አላት። «ያነበብነውን እናወራለን። ሕግ አለን፤ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ማን ቢያነበው እንደሚወድና ለምን እንደሆነ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ውስጡ ይተዋል። ያለ ብጣሽ መጽሐፍ አይዘዋወርም።»

«ይኼ ብጣሽ የለውም።»

«አይሆንም። መምህር? እሳቸው እኮ ናቸው ልማዱን ያመጡት።»

«መጨረሻውን ያነበበ አለ?»

«የታባቱ። ሌላ ቅጂ ባሕር ዳር ድረስ አፈላልጌ አጣሁ። ሐሙስ ደውለው ቅዳሜ መጨረሻውን አሰማችኋለሁ ሲሉኝ አግኝተው መስሎኝ ነበር። ዓርብ የት ነበርክ ልትይኝ ነው? እዚሁ። ዝናቡን ሸሽቶ ሱቄ በር ላይ የቆመውን ሁሉ ጠይቂ።»

ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊልጶስ ዓርብ እንፍራንዝ ለቀብር ሄዶ፣ እዚያው አድሮ፣ ቅዳሜ ረፋድ ነው የተመለሰው። አብረውት የሄዱት ዕድርተኞች መሰከሩለት።

እስከዳር የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን እሷም አስተማሪ ናት። ከእሳቸው ቤት ሦስት በር አልፎ ብቻዋን ትኖራለች። በመሐረብ አፍንጫዋን ይዛ በሩን ከፈተች።

«ዓርብ ከቤት አልወጣሁም። ጉንፋኑ ሽታ የሚባል አሳጥቶኛል። ማታ ደግሞ ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ሲያስመልሰኝ አደረ።»

«ዛሬስ ራስሽን እንዴት ነሽ?»

«ራሴን ለቆኛል።» እጇ መሐረቡን ጨመደደ። «ማሬን መቼ ነው የሚፈቷት?»

ከሦስቱ ስለ ማሬ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት።

እሑድ ከቀብር መልስ የትነበርሽ ሦስቱንም መምህሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ምናለ የሚባል ፖሊስ ማሬን አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጣት። መስኮቱ ተከፍቷል። ባዶው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«እኔ ልብ ወለድ አንብቤ አላውቅም» አለች የትነበርሽ፣ የፖስተኛውን መጽሐፍ ብድግ አድርጋ። «እስኪ እንደ ልማዳችሁ ምከሩኝ። ላንብበው ወይስ ልተወው?»

«ተዪው» አለ አንዱዓለም። «መሐል መንገድ ላይ ጥሎሽ ነው የሚሄድ።»

«ይነበባል» አለ ፊልጶስ። «አጻጻፉ ሸጋ ነው። ፖስተኛው ግን መጨረሻው መሞት ይመስለኛል።»

እስከዳር ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ጣለች። ስለ ወደደችው መጽሐፍ ስትጠየቅ ፊቷ የሚፈታ ሰው ናት፤ ሐዘኑም አልከለከላትም።

«ያንብቡት» አለች። «ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲያደርስ ለራሱ አንድ እንኳ ደርሶት አያውቅም። ከቦርሳው ሥር የራሱን ስም የሚያገኝበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ብቻዎን ይሁኑ። እኔ እዚያ ጋ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።»

አንዱዓለም ግንባሩን ቋጠረ። «የቱ ጋ ነው ደግሞ እሱ?»

እስከዳር አፏን ይዛ ቀረች።

የትነበርሽ ቅጠሎቹን ከቦርሳዋ አወጣች። «እዚህ ጋ ነው። መምህሩ ዓርብ ከሰዓት ጽፈው የጨረሱት ላይ። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ከእኔ እጅ አልወጣም። እንግዲህ ያነበበ ሰው ዓርብ አመሻሽ፣ ማሬ ገበያ ሳለች፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ወደ ወንበሩ እያመለከተች ቀጠለች።

«ሰው የገዛ ጋቢውን ከጀርባው አይወትፍም፤ የወተፈላቸው ሌላ ነው። መነጽራቸውንም ያወለቀላቸው፣ ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱን የዘጋውም ያው ሰው ነው። የሚጠላቸው አልነበረም። ማሬ እንዳትሆን፣ ከሰሉን በእጇ አስገብታ መስኮት አትዘጋም። ይኼኛው ሰው ማንደጃ መኖሩን አላወቀም፤ ከክምሩ ጀርባ አይታይም፣ በጉንፋን የታፈነ አፍንጫም አይሸተውም። አልጋው ላይ ተቀምጦ አሥራ አንድ ቅጠል አነበበ። እቤቱ ገብቶ ሲያስመልሰው፣ ራሱን ሲፈልጠው ጉንፋኑ መስሎታል። ጉንፋኑ አሁንም አለ፤ ራስ ምታቱ ግን በማግሥቱ ለቋል። ከሰሉ ነበር እስከዳር፤ አንቺንም ጀምሮሽ ነበር።»

«ሰው ማየት ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለች እስከዳር ቀስ ብላ። «ሦስት ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም ነበር። ተኝተው አገኘኋቸው፣ ዝናቡ በመስኮቱ ይገባል። የገደልኳቸው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ቅዳሜ ነው፤ ስለ መስኮቱ ሰው ሲያወራ። አሁን ማሬን ይፈቷታል፣ አሁን ይፈቷታል እያልኩ...»

«የመስኮቱን ሕጉ ያየዋል፤ ስሕተት ነው። ዝምታው ግን ስሕተት አይደለም። ብጣሿስ?»

እስከዳር ቦርሳዋን ከፈተች። ብጣሿን አወጣች። «ሰባት ዓመት የጻፉልኝ ብጣሾች ሁሉ እቤት አሉ። ሌላ ምንም የለኝም። ይኼኛውም የእኔ መስሎኝ ነው ያነሳሁት። አንብቤው ሳበቃ መመለስ አቃተኝ። ቀናሁ።»

የትነበርሽ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ለማሬ። ማንበብ ስለማትችል አንድም ቀን ብጣሽ ጽፌላት አላውቅም። ይህን ግን እሷን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ቀድሞ ያነበበ ሰው ያንብብላት።»

ማሬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከነጠላው ስትወጣ የምታየው እስከዳርን ነበር።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ነው ያደርሁት» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«እሳቸውን ስቀብር እንኳ ፖሊስ ክንዴን ይዞ ነው።»

«አውቃለሁ ማሬ።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ።»

ምናለ ወደ እስከዳር ሊራመድ ሲል የትነበርሽ በእጇ አስቆመችውና ቅጠሎቹን ለእስከዳር ሰጠቻት። እስከዳር መጀመሪያ ተነስታ መስኮቱ መከፈቱን አረጋገጠች፤ ከዚያ መሬት ላይ፣ ማሬ አጠገብ ቁጭ ብላ ጀመረች። አንዱዓለምና ፊልጶስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የትነበርሽ በሩን ተደግፋ ቆማ ሰማች፤ ሰው ሲያነብላት ከልጅነቷ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

የመጨረሻው ቅጠል ላይ ፖስተኛው ደብዳቤውን ቀደደው። እስከዳር እዚያ ጋ ስትደርስ ቅጠሉን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

«ምን ይላል ደብዳቤው?» አለች ማሬ።

«በሩ አልተቆለፈም፣ ግባ ይላል።»

«ከዚያስ?»

እስከዳር ቅጠሉን ገልብጣ አየችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«ከዚያ የለም» አለች። «እዚህ ጋ ጨርሰው ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።»