በየጧቱ መርዶ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የሺመቤት የምትባል እናት አንድ ልጇን ቀብራ ቀይ ድሪያ፣ ያን ስስ የሶማሌ ቀሚስ፣ ለብሳ ትኖር ነበር። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አትፍረድባት! ቀፊራ ገበያ ስትወጣ የተፈረደባት ይበቃታል። «ልጇን አፈር አልብሳ እሷ እንደ ሙሽራ ትለብሳለች!» ያሏት ሴቶች እቤቷ የሚጠብቃትን ቢያውቁ ኖሮ ምላሳቸውን በነከሱ ነበር።

ባሏ መምህር ቦና ዕድሜውን ሙሉ በኮሌጅ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅበትምና ተማሪው ሁሉ «አንተ ቲቸር» ይለዋል፤ ግን የጫማው ድምፅ ኮሪደር ላይ ሲሰማ ጫቱን የማይተፋ አልነበረም። ጡረታው ሲቃረብ ያ ጭንቅላት ከዳው። መጀመሪያ ቁልፉን ረሳ፤ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ ሳተ። ሐኪሞቹ መድኃኒት የለውም አሉ፤ ኮሌጁም ጡረታው እስኪደርስ ቤቱ እንዲያርፍ ፈቀደለት። መከራ መች ብቻውን ይመጣል? በዚያው ዓመት አንድ ልጃቸው ሲሞን የሚነዳት የጭነት መኪና ጅቡቲ መንገድ ላይ ተገልብጣበት ሞተ። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ መጥተው አረዷቸው። ቦና ደረቱን ደቃ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ... በማግስቱ ግን ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ «ሲሞን እስካሁን አልተነሣም?» አለ።

የሺመቤት ነገረችው። ያው ዋይታ፣ ያው ደረት መድቃት፣ እንደ አዲስ! በሰልስቱም ጠየቀ፤ ነገረችው፤ ልጁ እንደገና ሞተበት። አንድ አባት ስንት ጊዜ ልጁን ይቀብራል? መርዶ እኮ ለሰው አንዴ ነው የሚነገረው! እሷም በሚቀጥለው ጧት ጥቁር ልብሷን አወለቀች። ጎረቤቷ ፋዱማ የራሷን ሳጥን ከፍታ ቀዩን ድሪያ አለበሰቻት። «ሲሞንስ?» ሲላት፣ «ጅቡቲ ነው፤ ሥራ በዝቶበት» አለችው። እሱም ደስ ብሎት ቁርሱን በላ። ከዚያ ወዲህ የሺመቤት የምታለቅሰው እፋዱማ ጓዳ ገብታ፣ አፏን በሻሿ አፍና ብቻ ሆነ።

ኮሌጁ ለጡረታው ሽኝት አሰናዳ። የኮሌጁ ዲን ፊርዶስ የቦና የቀድሞ ተማሪ ነበረች፤ የሺመቤት ቢሮዋ ድረስ ሄዳ ለመነቻት።

«ፊርዶስዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የሲሞን ስም እንዳይነሣ። አንድ ሰው ‹ያጽናህ› ካለው እዚያው ይሞትብኛል።»

«አቦ እማ፣ አይዞሽ! ወላሂ ማንም ትንፍሽ አይልም።»

ዕለቱ ደረሰ። ጉድ እኮ ነው! የዱሮ ተማሪዎቹ ከገጠሮቹ ከዋሂል በግ ይዘው፣ ከቢዮ አዋሌ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው በመስኮት ተንጠለጠለ። በኦሮምኛ ይመረቃል፣ በሶማሊኛ ይቀለዳል፣ በአማርኛ ይወደሳል። የሺመቤት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ያን ጧት ጫማውን ያሰረችለት ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ አሳድጎ ኖሯል? እንዴት እስከ ዛሬ አላየችውም?

ካባ ደርበውለት ማይክራፎኑን ሲያስጨብጡት ቦና ሕዝቡን ቃኘ። የጎበጠው ወገቡ ቀና አለ።

«ጸጥታ!» አለ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። ቦናም ምንም ሳያነብ፣ ትናንት የተለያቸው ይመስል የዱሮ ተማሪዎቹን ስም መጥራት ጀመረ።

«አብዲቃድር ዒጋል!»

አንድ የተከበረ ነጋዴ ቦርጩን ደግፎ ከኋላ ተነሣ። «አቤት ቲቸር!»

«ፊርዶስ መሃድ!»

ዲኗ ከክብር ወንበሯ ብድግ አለች። «አለሁ ቲቸር!»

የገዛ ልብሱን መቆለፍ ያቃተው ሰው ይህን ከየት አመጣው? ሰዉ በመገረም ራሱን ነቀነቀ፤ ስሙ የተጠራውም እንባው እየወረደ ተነሣ። የሺመቤት ግን የሚጠራው የማንን ክፍል እንደሆነ ገብቷታል። አቤት የፈጣሪ ያለህ! ከነፊርዶስ ጋር አንድ ክፍል የተማረው ማን ነበር?

«ሲሞን ቦና!»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀይ ለባሿ ሴት ዞረ። የሺመቤት ‹ጅቡቲ ነው› ልትል አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ቀደማት።

«ሲሞን ቦና!» አለ ደግሞ። ጠበቀ። ከዚያ ሚስቱን አያት... ዓይኑ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ነበር። የቦና ሕግ ይታወቃል፤ ፈቃድ የጠየቀ ተማሪ ቀሪ አይባልም።

«ሲሞን አስፈቅዷል» አለ በቀስታ። «ከእኔ አይደለም፤ ከፈጣሪው። አይመለስም። ቀሪ እንዳትሉብኝ።»

ካባውን እየጎተተ ከመድረኩ ወረደና ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። «የሺ... ብቻሽን አለቀስሽ፣ አይደል?»

ያኔ የሺመቤት ያ ሁሉ ጊዜ ያፈነችውን ጩኸት ለቀቀችው! ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፤ ዲኗም፣ ነጋዴውም፣ በመስኮት የተንጠለጠለውም አለቀሰ። የሽኝቱ ድግስ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ማንም አላፈረበትም።

ወደ ቤታቸው በባጃጅ ሲመለሱ ቦና ካባውን እያገላበጠ ያይ ነበር።

«የማን ሰርግ ነበር?» አለ።

«ያንተ ነዋ።»

«ሲሞን ታዲያ ለምን አልመጣም?»

የሺመቤት «አስፈቅዶ ነው» አለችው።

«እንግዲያው ደግ» አለና ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ አንቀላፋ።

ዕጣ ፈንታ የነጠቀችውን አትመልስም። ለየሺመቤት ግን ልጇን አብሯት የሚያለቅስ ባል ለአንዲት ቅጽበት መለሰችላት። ያቺ ቅጽበት ለቀሪ ዘመኗ ትበቃት ይሆን? እሱን ፈጣሪ ያውቃል። እሷ ግን ያን ቀን ከቤቷ በር ላይ ከባጃጁ ስትወርድ፣ ለማልቀስ እፋዱማ ጓዳ መግባት አላስፈለጋትም።