ሠላሳ ቃላት

«ብሪጅ?» አለች ኩኩ ደብተሯን ገልጣ።

«ድልድይ!» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከስፌት ማሽኑ ሳትነቅል።

«ኔበር?»

«ጎረቤት። ይሄማ ቀላል ነው፤ ቀጥዪ!»

እስከ ትናንት ጠያቂዋ እናቷ ነበረች። ኩኩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እስቲ የዛሬዎቹን አሥር!» ትላታለች። እንግሊዝኛዋ እንዲጠነክር በየቀኑ አሥር አዳዲስ ቃላት ልትይዝ ተስማምተው ነበር። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ሰለቻትና እነዚያኑ ሠላሳ ቃላት ከነትርጉማቸው እያገላበጠች ለእናቷ ማንበብ ጀመረች። እናቷ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ዘንድሮ፣ በጎልማሶች የማታ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛውን ከየት አውቃ ትይዛታለች?

ዛሬ ግን «አንቺ ጠይቂኝ» አለች። ሠላሳውም አለቁ፤ አንዱንም አልሳተችም።

«ሌሎቹስ?» አለች እናቷ።

«የትኞቹ ሌሎቹ?»

«ሃያ ቀን ሙሉ አሥር አሥር እያልሽ? ሁለት መቶ አይሆኑም?» ማሽኑን አቆመች። «ጨርቅ ስቆርጥ በልቤ ስደግማቸው ከሠላሳ አላልፍም። ይሄ ጭንቅላት ያፈሳል፣ ኩኩዬ። የማታውን ትምህርት ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ትርፉ የሰው ወንበር ማጣበብ ነው።»

«እየቀለድሽ ነው አይደል?»

«ምን ያስቀልደኛል!»

እናቷ የፊደል ደብተሯን ከቁርጥራጭ ጨርቁ ሥር ወሸቀችው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«እማ… ሌሎች የሉም።»

«እንዴት የሉም?»

«ሠላሳ ብቻ ናቸው። እነሱኑ እየደጋገምኩ ስሸውድሽ ነው የከረምኩት።»

ኩኩ አንገቷን ደፍታ ቁንጥጫውን ጠበቀች። አልመጣም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ታዲያ እኔ ሁሉንም ይዣለኋ!»

«አንድም አልቀረሽም።»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷን አኮሳተረች። «አንቺ ቀጣፊ! እናትሽን ሃያ ቀን ታሞኚያለሽ?» ደብተሯን ከጨርቁ ሥር መዝዛ አወጣችና ነጠላዋን ለበሰች። «ያንቺን ጉዳይ ከክፍል ስመለስ እናየዋለን።»

በሩ ሲዘጋ ኩኩ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ገና ያልደረሰችበት ገጽ ላይ ገለጠችው። አሥር አዳዲስ ቃላት መርጣ ጻፈች። ትርጉማቸውን ግን እናቷ ራሷ እንድታነበው፣ እያንዳንዷን ፊደል አጉልታ ጻፈችው።