በግልባጭ የተቀረጸው ስም

ሰው የሚያሳፍረውን ጉዳይ ይዞ ሲሄድ፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም እርምጃው ይረዝማል። ማንሆ በዚያ የመስከረም ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ወጥቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን የማኅተም መቅረጫ ሱቅ ሦስት ጊዜ አልፏት ሄደ። ሦስት ጊዜም ተመለሰ። በአራተኛው ዝናብ ጀመረና፣ ዝናቡን ምክንያት አድርጎ ገባ።

ሱቋ ሁለት ሰው ካስቀመጠች ሦስተኛውን የምታስቆም ነበረች። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ወጣት ጣት የምታህል ቢጫ እንጨት ይዛ ትቀርጻለች። ከኋላዋ አዛውንት አባቷ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ዘርግተው ተጋድመዋል፤ ቀኝ እጃቸው በእንቅልፍም ይንቀጠቀጣል።

«ማኅተም ፈልጌ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ማንሆ።

«ያድርጉልኝ?» ወጣቷ ቀና አለች። «ሽበት አየህብኝ እንዴ? በል ስሙን ጻፍልኝ።»

ጻፈላት። ፒዮ ደክሱ።

«ያንተ ስም ነው?»

«የአባቴ።»

«አባትህ ማኅተም የላቸውም?»

«አላቸው። ግን ቤት ነው፤ ደሴቱ ላይ።»

ወጣቷ መቅረጫዋን አስቀመጠች። ስሟ ጁንግሬ ነው። ከዚያች መስኮት ሥር አራት ዓመት ተቀምጣለችና፣ ተማሪ የአባቱን ስም ሊያስቀርጽ ለምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ከትምህርት የመልቀቂያው ቅጽ ከታች በኩል በፊርማ ፋንታ የወላጅ ማኅተም የሚያርፍበት ባዶ ክብ አለው። ያ ክብ ካልሞላ ሬጅስትራሩ ቅጹን አይቀበልም።

«ስንተኛ ዓመት ነህ?»

«ሦስተኛ። ምህንድስና።»

«የፈተና ዕለት የባሕር ቅጠል ሾርባ ጠጣህና አዳለጠህ፣ አይደል?»

የባሕር ቅጠል ያሙለጨልጫልና በፈተና ቀን ሾርባውን የጠጣ ይወድቃል ይባላል፤ ቀልዷ ግን አላሳቀውም። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጁንግሬ ይህን ባየች ጊዜ በቀልዷ አፈረች። ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት አንሥታ ከመቅረጫዋ ሥር አኖረችው።

«እንጨቱን ማዘጋጀት ቀን ይፈጃል» አለች በመጨረሻ። ቀን አይፈጅም ነበር፤ አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር። «ነገ ብቅ በል።»

ማንሆ በማግሥቱ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን መጣ። ማኅተሙ አልደረሰም፤ እርሱም አጥብቆ አልጠየቀም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጇን ያያል። መቅረጫው ከእንጨቱ ላይ ቀጭን ፍቅፋቂ ሲያነሣ የልጅቷ ትንፋሽ ይቆማል፤ ከዚያ እፍ ትልበታለች። አንዳንዴ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። ያን ጊዜ እርሱ ወደ ዝናቡ፣ እርስዋ ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ።

ቀስ በቀስ ነገራት። አባቱ ባሕር ላይ ለምግብ የሚሆን ዛጎል ያረባሉ። ከመንደሩ ዩኒቨርሲቲ የገባ እርሱ የመጀመሪያው ነው። ፈተናውን ያለፈ ጊዜ የመንደሩ ሰው የእርሱንና የአባቱን ስም በትልቅ ጨርቅ አጽፎ፣ ጀልባው ከሚቆምበት ወደብ ላይ ሰቀለው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ትምህርት ወደቀ። መምህሩን ማየት አፍሮ ከክፍል ቀረ፤ በመቅረቱ አፍሮ ደግሞ ቀረ። ከመጋቢት ወዲህ ክፍል አልገባም። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ታቅፎ ይወጣና ወንዝ ዳር ተቀምጦ ይውላል።

«ተምረህ ስላልገባህ ነው የወደቅኸው ወይስ ሳትማር?» አለችው።

«ምን ልዩነት አለው?»

«እንዴት ልዩነት የለውም! ያልገባው ሰው ሌላ ትምህርት ይመርጣል። የሚያፍር ሰው ግን የትም ቢሄድ ሐፍረቱ ቀድሞት ይደርሳል። ለመሆኑ ዓመት አቋርጦ መመለስ እንደሚቻል ጠይቀሃል?»

«መልቀቅና ማቋረጥ ያው አይደለም?»

«ያው!» መቅረጫዋ ከእጇ ወደቀ። «ያቋረጠ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። የለቀቀ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ነው የሚወጣው። አንተ ጅል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ነበር?»

«አንቺስ በምን አወቅሽ?»

ጁንግሬ ከአባቷ ራስጌ ያለውን የተቆለፈ መሳቢያ በዓይኗ አሳየችው።

«የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የአባቴ እጅ ታመመ። እኔም በአንድ ቀን ውስጥ ትምህርቱን ለመልቀቅ ቆረጥኩ። ብነግራቸው እምቢ ስለሚሉኝ ማኅተማቸውን ከዚያ መሳቢያ አውጥቼ ቅጹ ላይ አሳረፍኩት። ማንንም አልጠየቅሁም። ከዓመት በኋላ ልመለስ ብል በሩ ተዘግቷል።»

«እርሱ ነው የሚቆጭሽ?»

«እርሱስ ይሁን። መልቀቄን የሚገልጸው የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ሲደርሳቸው አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። በማግሥቱ ግን በግራ እጃቸው ሲታገሉ ውለው መሳቢያው ላይ ቁልፍ ገጠሙ። ሠላሳ ዓመት ክፍት የኖረ መሳቢያ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።»

ማንሆ እጇን ሊይዝ አሰበ፤ አልደፈረም። የአዛውንቱ ጋዜጣ ጥቂት ነቅነቅ ብሎ እንደገና ረጋ።

ከዚህ በኋላ ማንሆ ያደረገው ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲያስታውሰው ፊቱን የሚፈጀው ነው። ልጅቷን ወደዳት። ስለወደዳትም በእርስዋ ፊት የፈሪ በርጩማ ላይ መቀመጥ መረረው፤ ነገሩን የጨረሰ ወንድ መስሎ ሊታያት ፈለገ። በስድስተኛው ቀን ገና ከደጃፉ ሳያልፍ፦

«ለአባቴ ደወልኩላቸው» አለ። «ተስማምተዋል። የእኔ ማኅተም አርጅቷል፣ አዲስ አስቀርጽ ብለውኛል።»

ጁንግሬ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ድምፃቸው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ደህና» ብላ ደገመችው። «ነገ ጠዋት ና፤ ይደርሳል።»

በማግሥቱ ማኅተሙን በቀይ ከረጢት አድርጋ ሰጠችው። ዓይኑን አላየችም። «ከተናደድክብኝ፣ ሱቁን ታውቀዋለህ» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም።

ሬጅስትራሩ ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራው ሲደርስ ማኅተሙን ከቀዩ ቀለም ላይ ነክሮ በባዶው ክብ ውስጥ ተጫነው። ጽሑፉ በጥንቱ ፊደል፣ ያውም በግልባጭ ስለተቀረጸ፣ ሳይታተም የሚያነብበው ከቀራጩ በቀር ማንም የለም። ማንሆ እጁን አነሣ። ፒዮ የሚለው የቤተሰቡ ስም አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ግን ደክሱ አልነበረም።

«ወንድሜ፣ ይሄ የራስህ ስም እኮ ነው» አለች ጸሐፊዋ መነጽሯን አንሥታ። «እኛ የጠየቅንህ የአባትህን ነው። አንተ የራስህ አባት ነህ?»

ከኋላው ሰልፉ ሳቀ። ማንሆ ቅጹን ጨብጦ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ተናደደ። ቁጣው ሲበርድለት ግን ነገሩ ተገለጠለት። ውሸቱን ገና ከአፉ ሲወጣ አውቃበታለች። ውሸታም ብላ አልሰደበችውም፤ ስሙን ቀርጻ ሰጠችው እንጂ። እርሱም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለሠራውም ላልሠራውም ነገር ስሙን አስቀምጦ አያውቅም ነበር።

ተነሣ። ተመልሶ ገብቶ ከጠረጴዛው ላይ የማቋረጫ ቅጽ ወሰደ፤ አውቶቡስም ያዘ፣ ጀልባም ተሳፈረ።

አባቱ ወደቡ ላይ ቁጭ ብለው አዲሶቹ የሚያድጉባቸውን ባዶ ዛጎሎች በገመድ ይሰካሉ። የዛጎሉ ክምር በአሮጌ ጨርቅ ተሸፍኗል። ማንሆ ጨርቁን አወቀው፤ ጠርዙ ላይ ስሙ ደብዝዞ ይታያል።

«መጣህ?» አሉ አባቱ እጃቸውን ሳያቆሙ። «ግባ፤ እናትህ ምሳ አላነሣችም።»

የቀረበው የባሕር ቅጠል ሾርባ ነበር። ማንሆ ማንኪያውን ይዞ ፈዘዘ።

«ጠጣው እንጂ» አሉ አባቱ። «ዛሬ ፈተና የለብህም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ስለ መውደቁም፣ ስለ ወንዙ ዳርም፣ በስማቸው ሊያስቀርጽ ስለሞከረው ማኅተምም ሁሉን ተናገረ። አባቱ ሰምተው ሲያበቁ ተነሡና የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። በውስጡ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ የመጡ ሦስት ፖስታዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በየመንፈቁ ውጤት ለወላጅ በፖስታ እንደሚልክ ማንሆ ዘንግቶታል። ሦስቱም ተከፍተዋል፤ ሦስቱም በጥንቃቄ ታጥፈዋል።

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«የመንደሩን ሰው ገፋፍቼ ጨርቁን ያሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ አባቱ ወደ ወለሉ እያዩ። «ልጄ ስሙ ከብዶት ሲጎብጥ እያየሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ላወርደው አፈርኩ። ነፋስ እስኪጥለው ጠበቅሁ። አንተ ብቻ አይደለህም ያፈርከው።»

ከዚያም ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«የቱ ወረቀት ነው?»

ማንሆ የማቋረጫውን ቅጽ ዘረጋ። አስቀድሞ የራሱን ማኅተም አሳረፈ፤ አባቱ ከጎኑ የራሳቸውን። አባቱ የልጃቸውን ስም አስጠግተው ተመለከቱት።

«ይህን ማን ቀረጸው?»

«አንዲት ልጅ።»

«እጇ የተባረከ ነው። ዋሽተሃታል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ተመለስ።»

በማግሥቱ ሱቋ ውስጥ ቆሞ «ዋሸሁሽ» አላት። ሌላ ቃል አላገኘም።

«እኔም ዋሽቼሃለሁ» አለች ጁንግሬ፤ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። «እንጨቱ የሚፈልገው አንድ ሰዓት ነው።»

ማንሆ ዓመቱን ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ ሠራ፤ በየሳምንቱም ለጁንግሬ ጻፈላት። በዓመቱ ተመልሶ የወደቀውን ትምህርት ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ ደገመ። ሳቁበት፤ አፈረ፤ ግን ከክፍል አልቀረም። ጁንግሬ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ማንሆ በተመረቀ ዕለት ደስ አላት፤ ጥቂትም አለቀሰች፤ እርሱም ለምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አልጠየቃትም።

በዚያው ዓመት መከር ላይ የጋብቻ መመዝገቢያውን ቅጽ በሱቋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ማንሆ ያንኑ የቢጫ እንጨት ማኅተም ተጫነ፤ ጁንግሬም የእርስዋን። የምስክር ቦታ ቀረ። አዛውንቱ ከአንገታቸው የቁልፍ ማሰሪያ አውልቀው መሳቢያውን ከፈቱና ማኅተማቸውን አወጡ። በሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጃቸው ካልሆነ እምቢ አሉ። ጁንግሬ አንጓቸውን ደገፈችላቸው። ቀዩ ምልክት ትንሽ አዘንብሎ አረፈ።

ማኅተሙን ወደ ቦታው መልሰው መሳቢያውን ገፉት። ከዚያም ጋዜጣቸውን ዘረጉ።

«አባባ፣ ቁልፉን ረሱት» አለች ጁንግሬ፤ ከመሳቢያው ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

«አልረሳሁትም» አሉ አዛውንቱ፣ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሡ።