በራሱ ሞተ የተባለው ማሽን

«ክቡራን ባልደረቦች» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ። «ከባድ ዜና ነው የያዝኩት። ዲስኩ ሞልቷል።»

ባልደረቦቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት ሟቹ ተገኘ።

ሟቹ ሥጋና ደም አልነበረውም። ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ከውጭ ላየው አንድ ግዙፍ ፋይል ነው፤ ሲከፍቱት ግን የራሱ ስክሪንና የራሱ ዲስክ ያለው ሽማግሌ ኮምፒውተር ሆኖ ይነሣል። የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያውን ያቋቋሙት ጋሼ፣ የደንበኞቻቸውን ልኬት በሙሉ እዚያ አስቀምጠው ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል። አሁን ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው።

መርማሪ ከሩቅ መጥራት አላስፈለገም፤ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የፖሊስ መርማሪ ናት፣ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች የዚህ ቤት ሥራ ነው። ጋሼ የሠሩላት እግር አርጅቶባት፣ በምትኩ ያሠራችው አዲሱ ስላቆሰላት፣ በጋሼ ልኬት ይደገምልኝ ልትል በክራንች መጥታለች።

«ልኬትዎ ሞቷል» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«ማን ገደለው?»

«ኧረ በራሱ ነው!»

«እስቲ አስከሬኑን አሳዩኝ» አለችና ክራንቿን አነሣች። ከመነሣቷ በፊት ግን መጠበቂያ ክፍሉን አየች። ጋሼ የሠሩላቸው ሰዎች እግር በእግር ላይ አነባብረው ያወራሉ። አዲስ ያሠሩት በሙሉ እግራቸውን አውልቀው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

ከሥራ አስኪያጁ ጀመረች።

«ማሽኑን ማን ይከፍተው ነበር?»

«እኔ፣ በየቀኑ! የአጎቴ የጋሼ አደራ አይደል እንዴ?»

ቀራጯ እስከ ክርኗ በጄሶ ነጥታ መጣች። ጎድጓዳውን፣ ማለትም ቀሪው እግር የሚገባበትን፣ የምትቀርጸው እሷ ናት።

«እኔማ ቁጥሩን ከዚያ ሳላይ ጄሶ አላቦካም፣ እትዬ።»

«ታዲያ የኔ ለምን አቆሰለኝ?»

«ወፍረው ይሆናል» አለች ቀራጯ፣ በትሕትና።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ጠጋኙ ነው፤ ማሽን ስለሚያክም «ሐኪሙ» ይሉታል። «ዲስኩ ስለሞላ ፋይሉን አሳንሰው ተብዬ ነበር፤ ግን ገና አልነካሁትም» አላት።

«እንዴት ነው የሚያሳንሱት?»

ሐኪሙን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ፊቱ በራ። «መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ይወሰዳል። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ተገብቶ ቆሻሻው ይጠረጋል፤ የቀረው ዕቃ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል። ፋይሉ ከውጭ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ውስጡን ሳይሰበስቡ ቢቆርጡትስ?»

«ሰው እንደተኛ አልጋውን በመጋዝ ማሳጠር ነዋ! እግሩን ይዞት...» ብሎ ዝም አለ። በዚህ ቤት እግር አይቀለድበትም።

«ፋይሉ ስንት ነበር?»

«መቶ ጊጋ።»

«አሁንስ?»

«ሃምሳ።»

መርማሪዋ ክፍሉን በዓይኗ ዞረች። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ ጥግ ላይ የተሸጎጠች አንዲት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ብቻ ንጹሕ ናት። አንሥታ ኪሷ ከተተቻትና ሦስቱንም ጠራች።

«በራሱ የሞተ ነገር ልክ እኩሌታው ላይ አይቆረጥም። ቆራጭ አለው» አለች። «ቆራጩ ደግሞ አላዋቂ አይደለም፤ አስቀድሞ ቅጂ ወስዷል።» ዲስኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አነሰ። «የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የሚያውቅ ሰው መካከለኛውን ይረሳል? አይረሳም። ውስጥ መግባት አቅቶት ነው። ጋሼ ልኬቴን ሲመዘግቡ አይቻለሁ፤ አንድ የምስጢር ቃል ሳይጽፉ ማሽኑ አይከፈትላቸውም ነበር፤ ልኬቱም የተቆለፈው በዚያው ቃል ነው። ሐኪም፣ ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፣ እትዬ። ባዶው ይቆረጣል ብዬ በግምት...»

«ቅጂ እያለህ ለምን አልመለስከውም?»

«ቢነሣ ቃሉን ይጠይቀኛላ። የሞተ አይጠይቅም።»

«አሳፋሪ ነው!» ሥራ አስኪያጁ ተነሣ። «እኛ በየቀኑ የምንሠራበትን!»

«እሰይ፣ እንግዲያው ምንም አልጠፋም» አለች መርማሪዋ። ሐኪሙ ቅጂውን ሰካና ከፈተ። ሽማግሌው ማሽን እያጓራ ተነሣ። ስክሪኑ መሃል ትንሽ ሳጥን ወጣች፤ ውስጧ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። መርማሪዋ ኪቦርዱን ወደ ሥራ አስኪያጁና ወደ ቀራጯ ገፋችው።

«ይግቡ።»

«እሷ ትቅደም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ አለቃ እያለ! ነውር ነው!»

«የለም፣ የለም፣ አንቺ ለሥራው ቅርብ ነሽ።»

«እርስዎ ለአጎትዎ ይቀርባሉ።»

ሥራ አስኪያጁ የአጎቱን ስም ጻፈ። ሳጥኗ ባዶ ሆነች። የራሱን ስም ጻፈ። ባዶ ሆነች። ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም። ከመጠበቂያ ክፍሉ አንድ አዛውንት «ልጆች፣ የኔስ ልኬት ወጣ?» ብለው ተጣሩ።

መርማሪዋ አዲሱን እግሯን ፈታችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችው። የጎድጓዳው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ቀራጯ አየችው። ከሽርጧ ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች፤ ተንበረከከች፤ ሜትሩን ቀሪው እግር ላይ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ሞከረችው። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ጋሼ ሲለኩ... ከየት ነበር የሚጀምሩት?»

ሥራ አስኪያጁ ሐኪሙን አየ። ሐኪሙ መርማሪዋን አየ። አቧራ እንኳ የማያመልጣት መርማሪ ጥቂት አሰበች።

«እኔ እንጃ፣ እህቴ» አለች። «እሳቸው ሲለኩኝ ዓይኔን እጨፍን ነበር።»