የቤተ መጻሕፍቱ ፕሪንተር

«በእናቴ እምላለሁ፣ ወረቀቱ ራሱ ነው የወጣው!» አለ ዴይቢ።

ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ የተኮለኮሉት ተማሪዎች ሳቁ። «እሺ፣ ራሱ ወጣ። ቦርሳህ ውስጥም ራሱ ነው የገባው?» አለ አንዱ።

ኖርካ አልሳቀችም፤ ግን አላመነችውምም። ዴይቢ አብሯት ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው። ሲያያት ዓይኑን አሸሸ። ያልወደደችው ይህንን ነው።

ገና ያልተሰጠው የሒሳብ ፈተና ዛሬ ጠዋት ዴይቢ ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል። እሱ እንደሚለው ትናንት የቤት ሥራውን ሊያትም ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ፕሪንተሩ ላይ ወጥቶ ነው ያገኘው። ፈተናውን ያወጡት መምህርት ኢሉሚናዳ ግን ቤተ መጻሕፍቱን ትናንት አልረገጡትም። ዳይሬክተሩ ዶን ሲክስቶ የልጁን እናት አስጠርተዋል። ሊያባርሩት ነው እየተባለ ነው።

«እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?» አሉ መምህርቷ፣ ኖርካ የመምህራን ክፍል ሄዳ ስትጠይቃቸው፣ ሙቀቱን በፈተናው ወረቀት እያራገቡ። «የመምህራን ክፍሉ ፕሪንተር እምቢ ሲለኝ በፍላሽ ይዤ ሄጄ ጸሐፊዋ ጋ ነው ያተምኩት።»

«እምቢ ያለዎት መቼ ነው ቲቸር?»

«ትናንት መብራት ሄዶ እንደመጣ ነዋ።»

በዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ባኒ ከተማ ውስጥ መብራት ሄደ ማለት ወሬ አይደለም። ኖርካን ግን አንድ ነገር ከነከናት። በኮምፒውተር ክበቡ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች የሚያገናኘውን ራውተር የምትነካካው እሷ ነች። ራውተሩ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ለተገናኘው ዕቃ ሁሉ እንደ አዲስ የአድራሻ ቁጥር ያድላል፤ ቀድሞ የነቃ ቀድሞ ይወስዳል። የመምህርቷ ኮምፒውተር ደግሞ ፕሪንተሩን የሚያውቀው በቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሌላ ፕሪንተር ወስዶት ከሆነስ?

መምህርቷን አስፈቅዳ በኮምፒውተሩ ላይ «ሰላም» ብላ ጻፈችና እንዲታተም አዘዘች። አጠገቧ ያለው ፕሪንተር ዝም አለ። በጠርሙስ ክዳን ቤዝቦል የሚጫወቱትን ልጆች እያቋረጠች ግቢውን በሩጫ አለፈችና ቤተ መጻሕፍት ገባች። ወረቀቱ ወጥቶ ተቀምጧል። «ሰላም» ይላል።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። መምህርቷ ሲያራግቡበት የነበረው ወረቀት ትዝ አላት። ጀልባና የባሕር መብራት ማማ ተስሎበት ነበር። ትናንት ከሰዓት ዴይቢ በረንዳዋ ድረስ መጥቶ «ይህቺን አስረጂኝ» ያላት ጥያቄ! አንድም እርምጃ ሳታስቀር ሠርታለት ነበር።

ማንጎው ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

«ፕሪንተሩን ደረስኩበት። እውነትህን ነው።»

«አላልኩሽም!» ብሎ ዘሎ ተነሣ።

«የጀልባዋን ጥያቄ ከየት አመጣኸው?»

«ከመጽሐፍ ነዋ።»

«ከማን መጽሐፍ?»

«አንዴ አየሁት፣ ኖርካ። ካየሁት በኋላ እንዴት አላየሁም ልበል?» አለ።

«ወዲያው ወስደህ ለቲቸር ትሰጣቸው ነበር።»

«ማን ሊያምነኝ? አንቺ ራስሽ ጠዋት አምነሽኝ ነበር?»

ጥላው ሄደች።

ዶን ሲክስቶ ከጀርባዋ ቆመው ሲያዩ በመምህራን ክፍሉ ኮምፒውተር የራውተሩን ገጽ ከፈተች። ለመምህራን ክፍሉ ፕሪንተር የቀድሞ ቁጥሩን መልሳ ሰጠችው፤ ሌላ ዕቃ እንዳይወስድበትም ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው መለያ ጋር አሰረችው። ለቤተ መጻሕፍቱም የራሱን ቋሚ ቁጥር መደበችለት። ከዚያ ሁሉንም አጥፍታ አበራች። አሁን እንዲታተም ያዘዘችው ወረቀት እዚያው አጠገባቸው ወጣ።

«ከእንግዲህ መብራት ቢሄድም አይቀያየሩም» አለች።

«ልጁ አልሰረቀም ማለት ነው?»

«ወረቀቱን አልሰረቀም።»

ዶን ሲክስቶ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ሌላ የምታውቂው ነገር አለ?»

ኖርካ የለም ብትል ሁሉም እዚህ ያበቃል። ዴይቢ ነገ ፈተናው ላይ ይቀመጣል፤ እሷም አጠገቡ፣ ሁለቱም የጀልባዋን ጥያቄ አስቀድመው እያወቁ።

«አንዴ ቢሮዎ ይጠብቁኝ» ብላ ወጣች።

ዴይቢ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። የእናቱ ሞተር ሳይክል በሩ ጋ ሲቆም ተሰማ።

«ስለ ፕሪንተሩ ነግሬያቸዋለሁ» አለችው። «ስለ ጀልባዋ ግን አልነገርኳቸውም።»

«ልትነግሪያቸው ነው?»

«አንተ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ፤ ጥያቄውን የሠራሁልህ እኔ ነኝ።»

«እብድ ነሽ እንዴ? አንቺ ምን አጠፋሽ?»

ወደ ቢሮው ሄዳ በሩን ከፈተችና ይዛው ቆመች። ዴይቢ ወደ እናቱ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። ኖርካ ገለል ብላ አሳለፈችውና ተከትላው ገባች።