የሃዎ ቁስል

«ይህን የመስታወት ሳህን ተመልከቱ፤ እንዳትነኩት ብቻ!» አለ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ባለሙያ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ሳሕራም ከጓደኛዋ ከአሰገደች ትከሻ በላይ አጮልቃ አየች። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ሻጋታ ወሮታል። በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። በአንደኛው ዙሪያ ባክቴሪያው ሞቶ ጥርት ያለ ቀለበት ሠርቷል። ፔኒሲሊን ያለበትን ወረቀት ግን ከነጭራሹ አልፈራውም፤ እስከ ጫፉ በቅሎበታል።

«ይሄ ባለጌ ፔኒሲሊን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል። ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ኢንዛይሙን ክሪስታል አድርገው፣ ራጅ እያሳለፉበት፣ ቅርጹን ለማወቅ ይደክማሉ። ቅርጹ ከታወቀ አፉን የሚደፍን መድኃኒት መሥራት ይቻል ይሆናል።»

«መቼ ነው የሚያውቁት?» አለች ሳሕራ፣ ሳታስበው አምልጧት።

«እንግዲህ ዓመታት ይፈጃል።»

«ምን አስቸኮለሽ? ልታገቢው ነው እንዴ?» አለቻት አሰገደች። ሁሉም ሳቁ።

«ከማን የተወሰደ ነው?» ሲል አንዱ ጠየቀ።

«ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ከሚሸጡ ሴትዮ እግር። ቁስሉ ስንት መርፌ ቢወጉም አልድን ብሎ እዚሁ ተኝተዋል።»

«ኤጭ! ሁለተኛ ወተት አልጠጣም!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ሳሕራም ሳቀች። ሴትዮዋ እናቷ ሃዎ ነበሩ። እሷ ግን ለጓደኞቿ «እናቴ ጅቡቲ የጨርቅ መደብር አላት» ካለች ቆይታለች።

ሲወጡ በሽተኞች በረንዳው ላይ ነፋስ ይቀበሉ ነበር። «ሳሕራ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሃዎ ናቸው፤ በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ዘርግተው፣ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«አንቺን እኮ ነው! ታውቂያቸዋለሽ?» አለች አሰገደች።

«ኧረ አላውቃቸውም።»

አስተማሪያቸው ጋሽ ክፍሉ ጠጋ ብለው፣ «እማማ፣ ልጅዎ ናት?» አሏቸው።

ሃዎ ልጃቸውን አዩ። ሳሕራ ጫማዋን ታያለች።

«ይቅርታ አስተማሪ» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «እኔ ተሳሳትኩ። ይሄ የኔ ልጅ አይደለም። አላህ ያሳድገው።»

የሳሕራ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቷ ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ደቻቱ ድልድይ ሲደርሱ አሰገደች፣ «እኚያ ሴትዮ አንጀቴን በሉት። ግን ስምሽን ከየት አወቁት?» አለቻት።

ሳሕራ ዘወር ብላ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሩጫ። አሰገደች «ምን ረስተሽ ነው? ቆይኝ እንጂ!» እያለች ተከተለቻት።

ሃዎ አሁንም በረንዳው ላይ ነበሩ። ልጃቸው እግራቸው ሥር ቁጭ ስትል በድንጋጤ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ተነሺ፣ ያዩሻል» አሏት በሶማልኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጓደኛሽ እዚያ ቆማለች።»

ሳሕራ ቀና አለች። አሰገደች ግራ ገብቷት ከበሩ ሥር ቆማለች።

ሳሕራ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ ነይ ብላ በእጇ ጠራቻት።